ሌክ ፓወል ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር፦ መኪናው አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል? ውሃስ ስንት ይበቃል?

መንገደኛ ዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት 8 አካባቢ ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ዘመድ ጥየቃ በመኪና እንሄዳለን። በሞአብና በሞኑመንት ቫሊ አድርገን፣ ፔጅ (አሪዞና) ስንደርስ ሌክ ፓወል ዳር ሎን ሮክ የሚባለው አሸዋ ላይ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክለን ለማደር አስበናል። አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች፣ እና ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴ። 68 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ፍልሰታንም ይጾማሉ። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ቶዮታ ሃይላንደር ነው፣ ጎማው ግን ተራ የአስፋልት ጎማ። ድንኳኑም ተራ የስድስት ሰው ድንኳን ነው። እስከ ውሃው ዳር መንዳት ይቻላል? ውሃና ምግብ ምን ያህል እንያዝ? ሙቀቱስ እናቴን ይጎዳቸው ይሆን?

ጎሚስታው

ከመኪናው ልጀምር። ሌክ ፓወል ሐይቅ ይባል እንጂ ግድብ ያቆመው የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ ነው የተጠራቀመው። ስለዚህ ዳሩ አንድ ቦታ አይቆምም። በጸደይ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ይጨምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ መጀመሪያ ላይ ከፍ ይልና ከዚያ ይሸሻል። እናንተ የምትደርሱት በመሸሻው ጊዜ ነው። ውሃ በቅርቡ የለቀቀው መሬት ላዩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ከሥሩ ግን ጭቃና ልል አሸዋ ነው። ሰው ቢሄድበት ይችላል፤ ሁለት ቶን መኪና ሲወጣበት ግን ቅርፊቱ ይሰበራል። ሰው ሁሉ የሚሰምጠው ደረቅ ከሚመስለው ከዚያ የመጨረሻ ሃምሳ ሜትር ላይ ነው።

የኔ ምክር፦ ሌሎች መኪኖች ደጋግመው የረገጡትን ጠንካራ መስመር ተከትለህ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቁም፣ ውሃው ጋ በእግር ውረዱ። በተራ ጎማ ከዚያ በላይ አትድፈር።

አሸዋው ላይ የምትወጣ ከሆነ ከመግባትህ በፊት ጎማውን አስተንፍስ። 35 የነበረውን ወደ 20 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አውርደው። ጎማው ሲላላ ይረዝማል፣ ክብደቱንም ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ከ15 በታች አታውርድ፤ ስትጠመዝዝ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ትራክሽን ኮንትሮሉን አጥፋው፣ ምክንያቱም ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ሞተሩን አፍኖ ልክ ጉልበት በምትፈልግበት ሰዓት ያቆምሃል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሂድ። በድንገት አትጠምዝዝ። ለማቆም ፍሬን አትርገጥ፤ ነዳጁን ልቀቀውና በራሱ ይቁም፣ ከተቻለም አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርገህ። ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል፣ ስትነሳ ያው ክምር ይይዝሃል።

ጎማው ባዶውን ከዞረ ወዲያው አቁም። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ አራቱም ጎማ ቢዞር ዋጋ የለውም። ሰው ሁሉ ይውረድ። አካፋ ይዘህ መጀመሪያ ከሆዱ ሥር፣ ቀጥሎ በየጎማው መውጫ በኩል ረዘም ያለ ተዳፋት ጥረግ። አየሩን ወደ 16 አውርድ። የአሸዋ ሰሌዳ ካለህ ጎማው ሥር ጠጋ አድርገህ አስገባና በመጣህበት ፈለግ ወደ ኋላ ውጣ፤ ያ ፈለግ አንዴ ተጠቅጥቋል። ክሪክ ለመጠቀም ካሰብክ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ያስፈልግሃል፣ ያለዚያ መኪናውን ሳይሆን ራሱን ነው ወደ አሸዋው የሚገፋው።

ስትመለስ አስፋልት ላይ ከመውጣትህ በፊት ጎማውን መልሰህ ንፋ። በ20 ፒ ኤስ አይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በ65 ማይል መንዳት ጎማ ማፈንዳት ነው። የምትገዛው ኮምፕረሰር ከባትሪው ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዝ ይሁን፤ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ፊውዝ ያቃጥላል። ሞተሩ እየሠራ ንፋ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኢንሹራንስ ጋር የሚመጣው የመንገድ ዳር እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ ከተስተካከለ መንገድ ውጭ አይገባም፤ ጎታች መኪናውን ከኪስህ ነው የምትከፍለው።

ነርሷ

የአሸዋው ነገር ተብራርቷል፤ እኔን ያሳሰበኝ የእናትህ ጉዳይ ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። ያን ሰሞን እዚያ ቀን ላይ ሙቀቱ 100 ፋራናይት አካባቢ ነው፣ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ይህ ጉዞ ለእሳቸው አይሆንም። ምርጫህ ሁለት ነው፦ ወይ የአዳሩን ቀን ከነሐሴ 1 በፊት ማድረግ፣ ወይ እነዚያን ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ማሳለፍ። ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር ቢፈልጉ የሚነጋገሩት ከመነሳታችሁ በፊት ይሁን፣ በረሃ ላይ አይከራከሩህ።

ስለ መድኃኒቱም፦ የሚያሸና ዓይነት ከሆነ ከሰውነት ውሃና ጨው ያስወጣል። ለሐኪማቸው «በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ደጅ ልናድር ነው» ብለህ ጠይቅ። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን የሚባለው መነሻው ነው። ምግብ ማብሰያና እጅ መታጠቢያ ሲጨመር ሁለት ጋሎን ያዝ፤ ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን 20 ጋሎን መሆኑ ነው። ሰባት ጋሎን በሚይዝ ጀሪካን ሦስት። ሲሞላ እያንዳንዱ 58 ፓውንድ ይመዝናል፣ አንስተህ የምትቀዳው አንተ ነህና ቧንቧ ያለውን ግዛ። የሦስቱ ክብደት የአንድ ትልቅ ሰው ያህል ስለሆነ ከዴንቨር ጭነህ ተራራ አትውጣበት፤ ባዶውን ይዘህ ፔጅ ላይ ሙላ።

ውሃ ብቻ አይበቃም። በደረቅ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ያላበው ሰው ላቡን አያየውም፣ ጨው መውጣቱንም አያውቅም። በሶ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛው የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር ለልጆቹም ለእናትህም ይሁን። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ካያችሁ ወደ መኪናው አስገቡና ኤሲ ክፈቱ። ንግግር ከተምታታ ወይም ሰውየው የት እንዳለ ግራ ከገባው ግን ሌላ ነገር ነው፦ 911 ደውሉ፣ እስኪመጡ ገላውን በውሃ አርሱ፣ አራግቡለት፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በረዶ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ።

ድርቆሽ

እንጀራው በሁለት መንገድ ይበላሽባችኋል። ተሸፍኖ ሙቀት ውስጥ ከዋለ ይሻግታል፤ ተከፍቶ ከዋለ የበረሃው አየር ጠርዙን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ትኩሱን ለመጀመሪያው ማታ ብቻ ያዙ፤ በፕላስቲክ፣ በላዩም በፎጣ ጠቅልላችሁ ኩለሩ ውስጥ ከበረዶው በላይ አስቀምጡት፣ ውሃ እንዳይነካው። ለሁለተኛው ቀን ድርቆሽ። ቤት ውስጥ በደንብ ካልደረቀ ግን መንገድ ላይ እርጥበቱ ያሻግተዋል፣ ስትሰብሩት ጠቅ የሚል ይሁን። ለአምስት ሰው ከስድስት እንጀራ የወጣ ድርቆሽ ይበቃል። ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ ቀዝቅዞ በረዶ ሆኖ ይጫን፤ እዚያ የምትጨምሩት ሙቅ ውሃ ብቻ ነው። ሽሮውም እንደዚያው ተለክቶ በላስቲክ ይታሰር።

ኩለር ሁለት ይሁን። ልጆች በየአምስት ደቂቃው የሚከፍቱት የመጠጡ፣ የማይነካው የምግቡ። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ሌሊት ትርፍ በረዶ አስገብታችሁ ኩለሩን ራሱን አቀዝቅዙት፤ ሞቅ ያለ ኩለር የመጀመሪያውን በረዶ ነው የሚበላው። ከተፈጨው በረዶ ይልቅ ድፍኑ ይቆያል። አንድ ነገር እቃወማለሁ፦ የበሰለ ሥጋ ወጥ ይዘን እንሂድ እንዳትሉ። ኩለሩ ከ40 ፋራናይት በላይ ከሆነ ወጥ ለሁለተኛ ቀን አይታመንም።

ካስማ

ድንኳኑ አብሮት በሚመጣው ካስማ አሸዋ ላይ አይቆምም። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከሰዓት በኋላ ዶፍና ነፋስ በድንገት ይመጣል፤ ያልታሰረ ድንኳን ከነፍራሹ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። መላው ቀላል ነው፦ የጨርቅ ከረጢት አሸዋ ሙላ፣ አፉን በገመድ እሰር፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው፣ አሸዋውን መልሰህ በእግርህ ጠቅጥቅ፣ ገመዱን ወደ ድንኳኑ ዝቅ አድርገህ ሳብ። ለድንኳኑ ስድስት፣ ለጥላው ሸራ ደግሞ በየእግሩ አንድ። ከቦታው ለቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጥላውን አውርዱት።

አዳራችሁን ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ላይ አታድርጉ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ የዘነበው ሊመጣ ይችላል። ልጆቹ ዋና ሲገቡ የሕይወት መከላከያ ጃኬት ይልበሱ። የሚነፋ መጫወቻ ላይ ተቀምጠው እንዳይገቡ፦ ከዳር ወደ መሐል የሚነፍስ ነፋስ ይዟቸው ይሄዳል፣ ዋናተኛ አይደርስበትም።

መንገደኛ ዴንቨር

እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑን ወደ ኦገስት 2 አምጥተነዋል፤ እናቴ ከጾሙ በፊት ቬጋስ ይደርሳሉ። ሁለት ቀሪ ጥያቄ፦ ቡና በከሰል ማፍላት ይፈቀዳል? መጸዳጃስ?

ጎሚስታው

ከሰሉን ተወው። የእሳት ክልከላ በሚወጣበት ወቅት መጀመሪያ የሚታገደው እሱ ነው፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ያን ሳምንት የወጣውን ማስታወቂያ መግቢያው ላይ አንብብ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ አስፈጭታችሁ ያዙ፣ በነፋስ ውስጥ ብረት ምጣድ ማሞቅ ጋዝ መጨረስ ነው። ጀበናው የሸክላ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ላይ በዝግታ ይሙቅ፣ ቀዝቃዛ ሸክላ በኃይለኛ ነበልባል ይሰነጠቃል። ነፋስ መከለያ ቆርቆሮ በምድጃው ሦስት ጎን አቁሙ፣ የጋዙን ጣሳ ግን አትክበቡት፣ ይግላል። ድንኳን ውስጥ ከሰልም ጋዝም አይለኮስም።

መጸዳጃ፦ ሎን ሮክ ላይ አለ። መጸዳጃ ወደሌለበት ሌላ ዳር ከሄዳችሁ ግን ከውሃው ሩብ ማይል ውስጥ ለሚያድር ሰው የራሱን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ መያዝ ግዴታ ነው፤ አሸዋ ውስጥ መቅበር አይፈቀድም። ውሃው ሲመለስ የተቀበረውን ሁሉ ይዞት ይነሳል።

ካስማ

ሰዓታችሁንም አስተካክሉ። ፔጅ አሪዞና ውስጥ ነው፣ ሎን ሮክ ዩታ ውስጥ። አሪዞና በበጋ ሰዓቱን ወደፊት ስለማይገፋ ፔጅ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከሞኑመንት ቫሊ ስትመጡ የምታቋርጡት የናቫሆ ምድር ደግሞ ይገፋል። ስልኩ ከሁለቱም ወገን ሲግናል እየሳበ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። በሐበሻ ሰዓት ለሚቆጥሩት እናትህ ማስረዳቱ ያንተ ፋንታ ነው። ሰዓቱን በእጅ የዩታ ላይ አድርጋችሁ ቆልፉት፣ በረዶ ለመግዛት ፔጅ ስትወርዱ አንድ ሰዓት ቀንሱ።