ቀበቶው የሪንጉ ነው ወይስ የቢሮው?

የኮዬ ፈጬው፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ከልምምድ በኋላ ከብሎኩ ጀርባ ቆመን ያልጨረስነውን የቦክስ ክርክር ዛሬ እዚህ እንጨርሰው፦ ሻምፒዮን ሳይሸነፍ በቢሮ ውሳኔ ቀበቶውን ይጣ ወይስ አይጣ? ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ እንግሊዛዊውን ታይሰን ፉሪን አሸነፈ። በከባድ ሚዛን ሁሉንም ቀበቶ የሰበሰበ ሰው ከሌኖክስ ሉዊስ 1999 ወዲህ አልታየም ነበር። ከወር ትንሽ አልፎ ግን ቀበቶ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ የሆነውን የአይቢኤፍን ቀበቶ ለቀቀ። ማንም መትቶት አይደለም። ከፉሪ ጋር የመልስ ፍልሚያ ውል ነበረው፤ አይቢኤፍ ደግሞ «ተራው የዳንኤል ዱቧ ነው» አለ። ፉሪ ራሱም በ2015 ሻምፒዮኑን ክሊችኮን ባሸነፈ በ10 ቀኑ በዚሁ ምክንያት ተነጥቋል። አስር ቀን! ፊቱ ላይ ያለው እብጠት እንኳ በቅጡ ሳይጎድል። እኔ የምለው፣ በቡጢ የመጣ ቀበቶ በቡጢ ብቻ ይሂድ።

አሰልጣኙ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን አስገዳጅ ተጋጣሚ የሚባለው ነገር ለምን እንደመጣ እናስብ። ሻምፒዮን የሆነ ሰው የሚፈራውን መግጠም አይፈልግም። ፍልሚያውን የሚያዘጋጀው ነጋዴ፣ ፕሮሞተሩም፣ አያስገጥመውም፤ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አይቢኤፍ ዘንድ በ9 ወር፣ ከደረጃው አናት ያለውን ሰው ግጠም ይባላል። ሁለቱ ወገኖች በክፍያ ካልተስማሙ ፍልሚያው ለጨረታ ይወጣል፤ ብዙ ገንዘብ ያቀረበው ፕሮሞተር ያዘጋጀዋል። ይህ ባይኖር ምን ይሆናል? ሪዲክ ቦውን እይ። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ሉዊስ አሸንፎታል። በ1992 ቦው ሻምፒዮን ሲሆን ሌላው ቀበቶ ሰጪ ድርጅት ደብሊውቢሲ ሉዊስን ግጠም አለው። ቦው ለንደን ላይ፣ ጋዜጠኞች እያዩ፣ ቀበቶውን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣለው። ሁለቱ በፕሮፌሽናል ሪንግ አንድም ቀን አልተገናኙም። ሕጉ ባይኖር ሉዊስ ስንት ዓመት ደጅ ይጠና ነበር? እዚህ አቧራ ላይ ገመድ የሚዘሉት ልጆቻችን ፕሮሞተር የላቸውም፣ ቴሌቪዥን የላቸውም። አንድ ቀን ከወጡ በር የሚከፍትላቸው ይህ ሕግ ብቻ ነው።

ነርሷ፦ ኮች፣ በሩን የሚከፍተው ሰውዬ እኮ ከየፍልሚያው ገንዘብ ይወስዳል። ለቀበቶ ፍልሚያ ከቦክሰኛው ክፍያ ብዙውን ጊዜ እስከ 3 በመቶ ለድርጅቱ ይሄዳል። ዳኛም ነጋዴም መሆን እንዴት ይቻላል? ቦክሰኛውን ሮኪጃኒን አስታውሱ። ጀርመናዊው በ1998 በርሊን ላይ ማይክል ነንን አሸንፎ የደብሊውቢሲ ሻምፒዮን ተባለ። ቆይተው «ጊዜያዊ ነበርክ፣ ሻምፒዮን ተብለህ የተጻፈው በስህተት ነው» ብለው ማዕረጉን ከእሱ በፊት ለነበረው ሻምፒዮን ለሮይ ጆንስ መለሱት። ከሰሳቸው። በ2002 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው አለ፤ ድርጅቱ ለመፍረስ ተቃርቦ በስምምነት ተረፈ። የአይቢኤፍ መሥራች ቦብ ሊ ደግሞ በደረጃ አወጣጥ ላይ ከፕሮሞተሮች ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ተከሷል። ከዋናዎቹ ክሶች ነጻ ቢወጣም በገንዘብ ማጠብና በግብር ስወራ ጥፋተኛ ተብሎ 22 ወር ተፈርዶበታል።

የቱሉ ዲምቱው ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። ወረፋ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ወረፋ የሚያበሳጨው ርዝመቱ አይደለም። ዝርዝሩን የሚጽፈው ማን እንደሆነ አለማወቅ ነው። አሰልጣኙ ስለ ወረፋው ልክ ነው፤ እህታችንም ስለ ጸሐፊው ልክ ናት።

የኮዬ ፈጬው፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ወረፋ የተጠበቀለት ሰው ሁሌም ይገባዋል ማለት እኮ አይደለም። ሜክሲኳዊው ሻምፒዮን ካኔሎ ተረኛውን ዊልያም ስከልን አልገጥምም ብሎ በ2024 የአይቢኤፍ ቀበቶውን ተነጠቀ። ስከል ባዶውን ቀበቶ ወሰደ። በ2025 ሲገናኙ በ12 ዙር ሁለቱ ተደምረው የሰነዘሩት 445 ቡጢ ነው። ቡጢ የሚቆጥረው ኮምፒዩቦክስ በ12 ዙር ከቆጠረው ሁሉ ትንሹ። ያን ሌሊት እንቅልፌን ያጣሁት ለዚህ ነበር?

አሰልጣኙ፦ ዱቧን ግን ዘለልከው። ኡሲክ የለቀቀውን ቀበቶ በቢሮ አገኘ ብለን አማነው። በመስከረም 2024 ለንደን ዌምብሌይ ላይ የቀድሞውን ሻምፒዮን አንቶኒ ጆሹዋን በ5ኛው ዙር ዘረረው። በሐምሌ 2025 ኡሲክ መጥቶ እዚያው ዌምብሌይ፣ በዚያው በ5ኛው ዙር፣ ዱቧን ዘርሮ ቀበቶውን መለሰ። ቢሮ የወሰደውን ሪንግ መለሰ። የተጎዳው ማነው?

የኮዬ ፈጬው፦ ቦው ላይ ረትተኸኛል፣ እቀበላለሁ። ፉሪ ላይ ግን አልለቅም። የተፈረመ የመልስ ፍልሚያ ካለ፣ ለዚያ ለአንዱ ፍልሚያ ወረፋው ይጠብቅ።

ነርሷ፦ እንደዚያ ከሆነ ነገ እያንዳንዱ ፕሮሞተር የመልስ ፍልሚያ በውሉ ላይ ይጽፋል። ተረኛው ልጅ በዚህ መሀል 30 ዓመት ይሞላዋል።

አሰልጣኙ፦ የኮዬው፣ ይህን መልስልኝ።

የኮዬ ፈጬው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድ፣ ቀኑም ይቆረጥ። በ6 ወር ውስጥ ካልተጋጠሙ ቀበቶውን ለልጁ ስጡት።