ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የማን ነው? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እማዬ ወገቧን ሲያማት ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄደች። እሷ መርፌ ካልተወጋች ታከምኩ አትልም። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ነው ብሎ ቂጧ ላይ ወጋት። መርፌው ገና ሳይወጣ እንደ ኤሌክትሪክ እስከ እግር ጣቴ ነዘረኝ ትላለች። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ፣ የቀኝ እግሯ ጫፍ አልነሳ ብሏል፣ ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ እየወለቀ ደጅ ይቀራል። ሄጄ "ማነው የወጋት?" ስል "ዶክተሩ ነዋ" አሉኝ። የቱ ዶክተር? ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ፈቃድ አሳዩኝ። ጊዜው አላለፈም። ፈቃድ ካላቸው መክሰስ ይቻላል? የትስ ነው የሚኬደው?

ደቻቱ_ማዶ፦
አቦ እህቴ አትልፊ። እኔ በአባቴ ጉዳይ ጤና ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ኃላፊው ሁሌ ስብሰባ ነው። እርስ በርሳቸው ይሸፋፈናሉ። ይልቅ እናትሽን አሳክሚ።

ሲስተር_ነኝ፦
ማሳከሙ ልክ ነው፣ ነርቭ ሐኪም ይያት፣ ፊዚዮቴራፒም ቶሎ ትጀምር። ግን ተስፋ አታስቆርጣት ወንድሜ።

እህቴ፣ ያየሽው የክሊኒኩ ፈቃድ ነው፣ ለቤቱ የተሰጠ። የባለሙያው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሰው በስሙ የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ነርስ ይሁን ጤና መኮንን እዚያ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ክሊኒኩ ሕጋዊ ሆኖ የወጋት ልጅ ምንም ላይኖረው ይችላል። እኛ አገር ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ እኔንም በቀን አሥሬ ይሉኛል፣ ድሮ አርም ነበር አሁን ደከመኝ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ዲግሪ ብቻ አይበቃም፣ የብቃት ምዘና ፈተና አለ። ለማሳደስም በዓመት 30 ነጥብ ሥልጠና ይጠየቃል (አንዳንዱ ፈርሞ ሻይ ጠጥቶ ይወጣል፣ እሱን ተዪው)። ቂጥ ላይ ሲወጋ ቦታው ከላይ በውጭ በኩል ነው። ወደ መሀል ወይም ዝቅ ካለ ወፍራሙን የእግር ነርቭ ያገኘዋል። ይሄ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።

ጁገል_በር፦
ጤና መኮንን ነኝ፣ ከሐረር። ውጤቱ ስለከፋ ብቻ ባለሙያው አጥፍቷል አይባልም፣ እኛም በየቀኑ እየፈራን ነው የምንሠራው። ግን የወጋት ማን እንደሆነ መደበቃቸው ራሱ ያጠራጥራል። አቤቱታሽን በጽሑፍ ለጤና ቢሮው ተቆጣጣሪዎች አስገቢ፣ ጉዳዩ የባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታይልኝ በይ። በቃል ብቻ ተናግረሽ እንዳትመለሺ! ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ሊያሰጥ፣ ፈቃድ ሊያሳግድ ወይም ሊያሰርዝ ይችላል። ካሳ ከፈለግሽ ግን ያ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን አታምታቺ። ከሁሉ በፊት ካርዷ ምን ይላል?

የከዚራዋ፦
ዛሬ በስንት ልመና ካርዱን አሳዩኝ፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። "ዳይክሎ 75" ይላል። የወጋው ሰው ስምና ፊርማ ቦታው ባዶ ነው። ባዶ! ደረሰኝ አልሰጡንም ነበር፣ ግን በቴሌብር ስለከፈልኩ መልእክቱ ከነሰዓቱ ስልኬ ላይ አለ። ማመልከቻውን አሁን እየጻፍኩ ነው፣ ነገ ፀሐዩ ሳይከር እሄዳለሁ።

ደቻቱ_ማዶ፦
ነገ ከሄድሽ እኔም የአባቴን ይዤ እመጣለሁ። ስንት ሰዓት?