ተንሸራታች ጣሪያዬን ከደብረ ብርሃን ንፋስ እንዴት ላድነው?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን፣ ጓሮዬ ውስጥ ለባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፔ 2.5 በ3 ሜትር የሆነች የእንጨት ቤት ሠርቻለሁ። የቆርቆሮ ጣሪያዋ በአራት ጎማ፣ በአንግል ብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ የሳተርንን ቀለበት ማየት ልብ ይሞላል።

ችግሩ ንፋሱ ነው። መጀመሪያ የአሸዋ ጆንያ ጫንኩበት፤ ጣሪያው ጎበጠና ጎማዎቹ አልዞር አሉ። ቀጥዬ አራቱን ማዕዘን በሰንሰለት አሰርኩ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ግን ንፋሱ በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ባለው የአራት ጣት ክፍተት ገብቶ ሽቅብ አነሳው። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ የተሰነጠቀው የባሕር ዛፉ ቋሚ ነው፣ ከነብሎኑ። ቴሌስኮፑ ለጥቂት ተረፈ። ክፍተቱን እንዳልደፍነው ጎማዎቹ የሚሄዱት በዚያው ነው።

ብየዳ ቤት ቅርቤ አለ። ጣሪያው እየተንሸራተተ ሽቅብ ግን እንዳይነሳ፣ ሐዲዱን ከሥር የሚይዝ መንጠቆ ላስበይድ ወይስ ሰንሰለቱን ከእንጨቱ ፈትቼ መሬት ውስጥ በኮንክሪት ልቅበረው?