ሞጆ ሐዲድ አጠገብ የእህል ሲሎ፦ የጋራ ረቂቃችን

ፀሐፊ፦ ጤና ይስጥልን የማኅበራችን አባላት። ሐሳቡ ይኸው፦ ሞጆ ሐዲዱ ዳር ስንዴና ነጭ ቦሎቄ የሚያበጥር፣ የሚያከማችና ፉርጎ ላይ የሚጭን ሲሎ እንሥራ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ሲመጣ ጭነት ሞልቶ ነው፤ ሲመለስ ግን ብዙ ኮንቴይነር ባዶውን ይሄዳል። አስተያየታችሁን ስጡ።

አባል፣ ከሉሜ፦ የእኛ ችግር ባቡር አይደለም። ጥር ላይ ሁሉም ይወቃል፣ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋ ይወርዳል። ዕዳ አለብን፣ ማስቀመጫ የለንም፤ እንሸጣለን። ያስቀመጠውንም ነቀዝ ይበላበታል። ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ መልሰን እንገዛለን። ስለዚህ ረቂቁ በማከማቸት ይጀምር፤ ማጓጓዙ ይከተላል።

አባል፣ ከሬጃይና ካናዳ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔ በምኖርበት በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ትንንሾቹ ከተሞች ያደጉት ሐዲድና የእንጨት ሲሎ ይዘው ነው። ገበሬው በጋሪ አራግፎ በቀኑ እንዲመለስ ጣቢያዎቹ ይቀራረቡ ነበር። ግን ሲሎው የኩባንያዎች ነበር፤ ሚዛኑም ደረጃውም በእነሱ እጅ። እ.ኤ.አ. በ1901 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) መኸሩ በዝቶ ፉርጎ ጠፋ። ገበሬዎች በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንዲያን ሄድ የምትባል ከተማ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። በ1902 ሲንታሉታ በምትባል ከተማ ፉርጎ በተራ ያላደለውን የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ፍርድ ቤት ከሰሱት፣ ረቱም፤ ፉርጎ በተራ እንዲሰጥም ሆነ። በ1911 የኅብረት ሥራ የሲሎ ኩባንያ መሠረቱ፤ ለግንባታው ገበሬው 15 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት 85 በመቶ አበደረ። በ1930ዎቹ በካናዳ ሜዳማ ክፍለ ሀገራት ከ5,700 በላይ ሲሎ ነበር። ዛሬ የቀሩት ጥቂት መቶ ናቸው፤ ቅርንጫፍ ሐዲዶቹ ሲዘጉ ብዙ ከተሞችም አብረው ተዳከሙ። እባካችሁ ዋናው መስመር ላይ ይሁን፤ ባለቤትነቱም የገበሬው ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ የ15 በመቶ መዋጮው ይቻላል። በአንዴ ሳይሆን በሁለት አዝመራ ቢከፈል ግን ይሻላል። ብድሩን ከየት እንደምንጠይቅ ለብቻው ገጽ ይኑረው።

አባል፣ መሐንዲስ፦ አሠራሩ ቀላል ነው። እህል ጉድጓድ ውስጥ ይራገፋል፤ ባልዲ የተደረደረበት ቀበቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በክብደቱ ራሱ ይወርዳል። በትንሹ እንጀምር፣ በ10,000 ኩንታል። ማንሻውንና መሠረቱን ግን ለወደፊቱ መጠን እንሥራ፤ የቆርቆሮ ሲሎው ቀስ በቀስ ይጨመራል። ሁለት ነገር ላይ አልደራደርም። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ ስንዴ አይግባ፤ ይሻግታል። የአቧራ ማጽጃውም ከበጀት አይቆረጥ፤ የእህል አቧራ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል።

አባል፣ ከአዳማ፦ ወንድሜ፣ እርጥቡን መመለስ ብቻማ አይሆንም። ግማሽ ኩንታል በአህያ ጭና የመጣች እናት ይዛው የት ትሄዳለች? ማስጫ ሜዳ ይጨመር። ትንሽ ለሚያመጣም ደረሰኝ ይሰጥ። ሚዛኑ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፣ ደረሰኙ ላይም ክብደትና ደረጃ ይጻፍ። ሰው የሚያምነን በዚህ ነው።

መሐንዲስ፦ እቀበላለሁ እህቴ። ማስጫውን ንድፉ ውስጥ አስገባለሁ።

ፀሐፊ፦ እንግዲህ አንቀጽ አንድን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ አባላት እህላቸውን በደረሰኝ የሚያስቀምጡበት፣ በፈለጉት ጊዜ የሚሸጡበት፣ በአባላት ባለቤትነት የሚተዳደር ሲሎ ይሠራል።» ባቡሩ አንቀጽ ሦስት ገብቷል። የቀረን ከዋናው መስመር ሲሎው ድረስ የሚገባው አጭር ሐዲድ ነው። ፈቃዱ ካልተገኘ እስከ ጣቢያው በመኪና እናመላልሳለን፤ ያ ደግሞ ወጪውን ስለሚቀይረው ሒሳብ ያዣችን ሁለቱንም ስሌት ያዘጋጅልን። የሉሜው ጋሼና የአዳማዋ እህታችን ጥያቄውን ለባቡር ድርጅቱ ይዘው ይሂዱ።

አባል፣ ከሉሜ፦ ሰኞ እንሄዳለን። ደብዳቤው ማኅተም ይኑረው።