ተለዋጭ ክፍሎች ያሉት የጋራ የበርና የመስኮት ፋሚሊ፦ የረቂቅ ሐሳብ ውይይት

የሞዴሊንግ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ ሁላችንም በሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) የምንጠቀምበት አንድ የበርና የመስኮት ፋሚሊ (በሞዴሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚገባ ዝግጁ ክፍል) ስብስብ እንዲሠራ የሚጠይቅ ነው። እስካሁን እያንዳንዱ ቢሮ ለኤል ቲ ዜድ (የብረት) በር አንድ፣ ለአሉሚኒየም አንድ፣ ለእንጨት ደግሞ ሌላ ፋሚሊ ሲሠራ፣ እጀታ በተቀየረ ቁጥርም ፋይሉን ሲያባዛ ቆይቷል። እኔ የማቀርበው አንድ እናት ፋሚሊ ተዘጋጅቶ ፍሬሙ፣ መዝጊያው፣ እጀታውና የላይኛው መስታወት እንደ ውስጠኛ ፋሚሊ እንዲገቡበት፣ ተጠቃሚውም በፋሚሊ ታይፕ ፓራሜትር (የትኛው ክፍል እንደሚገባ በሚወስን መምረጫ) አማካይነት ከዝርዝር እየመረጠ እንዲለዋውጣቸው ነው። ረቂቁ ለጊዜው «እያንዳንዱ አባል ቢሮ አምስት አምስት ውስጠኛ ፋሚሊ ያዋጣል» ብሎ ይጀምራል። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት አርክቴክት፦

ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ረቂቁ ከመዋጮ መጀመሩ ያሳስበኛል። ቀደም ሲል በሠራሁበት ቢሮ ይህንኑ ሞክረን ነበር። ስፋቱ 900 ሚሊሜትር የሆነውን የእንጨት መዝጊያ በላሜራ መዝጊያ ስንለውጠው፣ አዲሱ መዝጊያ ከፍሬሙ ወጥቶ በትክክል 450 ሚሊሜትር ወደ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ደከምን፤ ለካስ የመጀመሪያው መዝጊያ ኦሪጅን (ፋሚሊው የሚቀመጥበት መነሻ ነጥብ) መሀሉ ላይ፣ የሁለተኛው ደግሞ ግራ ጠርዙ ላይ ኖሯል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የሌላቸው ፋሚሊዎች ነበሩ።

ስለዚህ አስቀድመን መስማማት ያለብን በአጽሙ ላይ ነው። የሁሉም ውስጠኛ ፋሚሊ ኦሪጅን በአንድ ቦታ ይሁን፤ ሪፈረንስ ፕሌኖቹም (ልኬት የሚታሰርባቸው መመሪያ ገጾች) «ስትሮንግ» (ጠንካራ) ወይም «ዊክ» (ደካማ) ተብለው ከሚተዉ ይልቅ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ፣ ፊት፣ ኋላ የሚሉት የተለዩ ስሞች ይሰጧቸው። በእናት ፋሚሊው ውስጥ የታሰረ ልኬት አንዱ ክፍል በሌላ ሲተካ ሳይበጠስ የሚቆየው አዲሱም ክፍል ያው ስም ያለው ሪፈረንስ ሲኖረው ነው።

ካቴጎሪውንም (የፋሚሊውን ምድብ) እንወስን። ፋሚሊ ታይፕ ፓራሜትር በአንድ ካቴጎሪ ብቻ ስለሚሠራ፣ አንዱ እጀታውን በጄኔሪክ ሞዴል ምድብ፣ ሌላው በስፔሻሊቲ ኢኪውፕመንት ምድብ ከሠራው ሁለቱ እጀታዎች በአንድ ዝርዝር ውስጥ አይገናኙም። በተቃራኒው ሁሉም ነገር ጄኔሪክ ሞዴል ከሆነ መዝጊያ በሚመረጥበት ዝርዝር ውስጥ እጀታም ፍሬምም ይመጣል። ለዚህ የፋይል ስሞቹ «መዝጊያ» ወይም «እጀታ» በሚል ቃል ቢጀምሩ ይቃለላል። እጀታው ደግሞ በመዝጊያው ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ በእናት ፋሚሊው ውስጥ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ መዝጊያውን የለወጠ ሰው የመረጠው እጀታ አብሮ ይሄድበታል።

የመጠን ሥራ ባለሙያ፦

እህታችን ባሉት ላይ የምጨምረው ስለ «ሼርድ» ምልክት፣ ማለትም ውስጠኛው ፋሚሊ ለብቻው እንዲቆጠር ስለሚያደርገው ምርጫ ነው። ውስጠኛው ፋሚሊ ሼርድ ካልተደረገ ስኬጁሉ (የክፍሎች መቁጠሪያ ሠንጠረዥ) የሚቆጥረው በሩን ብቻ ነው፤ መስታወቱን በካሬ ሜትር፣ እጀታውን በቁጥር ለይቼ ማውጣት አልችልም። ሼርድ ሲደረግ ግን የውስጠኛው ታይፕ ፓራሜትር (ለአንድ ዓይነት ሁሉ የጋራ የሆነው) ከእናቱ ጋር መያያዝ ስለማይችል፣ የመስታወቱ ስፋትና ቁመት ኢንስታንስ ፓራሜትር (ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚሰጥ) መሆን ይኖርባቸዋል። የምንቆጥረውን ብቻ ሼርድ እናድርግ።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። የላይኛው መስታወት የሌለውን በር ለማሳየት መስታወቱን በቪዚቢሊቲ (የመታየት ማብሪያና ማጥፊያ) መደበቅ ይከልከል፤ የተደበቀ ሼርድ ፋሚሊ በሥዕሉ ላይ ባይታይም በስኬጁሉ መቆጠሩን አይተውም። በዚህ ምክንያት በግድግዳው ላይ ያልነበረ መስታወት ዋጋ ተተምኖለት አይቻለሁ። ፋሚሊ ታይፕ ፓራሜትር ባዶ መተው ስለማይቻል፣ «መስታወት የለም» የሚባል ምንም ቅርጽ የሌለው ፋሚሊ ይሠራና በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ ከስኬጁሉ በፊልተር ይወጣል።

ዱባይ የሚሠሩ አባል፦

በአጭሩ፣ በ2024 ሬቪት የተቀመጠ ፋይል በ2022ቱ አይከፈትም። እኛ እዚህ አዲሱን ብንጠቀምም፣ ስብስቡ ከአባላት መካከል አሮጌውን እትም በሚጠቀመው ቢሮ ልክ ይቀመጥ።

ሌላው የፓራሜትር ስም ነው። አንድ ክፍል በሌላ ሲተካ ግንኙነቱ የሚቀጥለው ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ሲሆን ነው፤ በአማርኛ ግን አንዱ «ስፋት»፣ ሌላው «ሥፋት»፣ አንዱ «እጀታ»፣ ሌላው «ዕጀታ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለፕሮግራሙ ሁለት። ስለዚህ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑ እመርጣለሁ።

አርክቴክቷ፦

ወንድሜ ያነሱት ችግር እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አማርኛውን መተው አይመስለኝም። የሼርድ ፓራሜትር ፋይል (የጋራ ፓራሜትሮች የሚመዘገቡበት) አንድ ጊዜ ካዘጋጀን ማንም ስሙን በእጁ አይጽፍም፤ ከፋይሉ ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ፓራሜትርም የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል። ይህ ሼርድ ፓራሜትር ከሼርድ ፋሚሊ የተለየ ነገር መሆኑን በመመሪያው ላይ እንግለጽ፤ ጀማሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ አያለሁ። በር ሠሪውም ስኬጁሉን በአማርኛ ቢያነብ ይጠቀማል።

ሰብሳቢው፦

የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ማንኛውንም መዋጮ ከመቀበሉ በፊት የኦሪጅንና የሪፈረንስ ሕግ፣ የካቴጎሪ ዝርዝር፣ በአማርኛ የተዘጋጀ የሼርድ ፓራሜትር ፋይልና አንድ የሙከራ በር ያዘጋጃል፤ የሚዋጣ ክፍል የሚመዘገበው በሙከራው በር ላይ በሌላ ክፍል ተተክቶ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ በስኬጁሉም በትክክል ሲቆጠር ነው።» የአምስት አምስቱ መዋጮ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል። የፓራሜትር ፋይሉን እህታችን፣ ባዶውን ፋሚሊና የስኬጁሉን ፊልተር የመጠን ሥራ ባለሙያው ቢይዙልን፣ እኔ የ900 በ2100 የሙከራውን በር በ2022 እትም ሠርቼ እስከ መጪው ዓርብ እልካለሁ።