ጥቆማ፦ ሱሉልታ ላይ በግ የሚነዳ ውሻ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሱሉልታ ነን፣ ከግቢው ኋላ የግጦሽ መስክ አለን። በጎቹን አውጥቶ የሚመልስ ውሻ ፈልጌ ነበር። ጀርመን ሸፐርድ ይሻላል ቦርደር ኮሊ? ታማኝ ሻጭም ጠቁሙኝ።

የሰበታው፦ ጀርመን ሸፐርድ፣ አትጠራጠር። ሰበታ እኔ የምገዛበት ሰውዬ አለ። ከሱ ሌላ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

የለገጣፎዋ፦ ሻጭ ካነሳችሁ አይቀር የኔን ስሙ። የሁለት ወር ቡችላ «ክትባቱን ጨርሷል» ተብዬ ገዛሁ። ካርዱ ላይ ማህተም እንጂ ከክትባቱ ብልቃጥ ተነስቶ የሚለጠፈው ወረቀት የለም። ብዙም ሳይቆይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ፓርቮ ነው ተባልን፣ ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ፤ ልጆቼ እያለቀሱ ሞተ። ሻጩ እስከዛሬ ስልክ አያነሳም።

ቡራዩ፦ አይዞሽ እህቴ። ማነው ሰውየው?

የለገጣፎዋ፦ ስም አልጠራም፤ ካርዱን ግን አገላብጣችሁ እዩ።

የሰበታው፦ የኔ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም።

ሰንዳፋ፦ ካርዱን አይተህ ታውቃለህ?

የሰበታው፦ ካርድ ምን ያደርግልኛል፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ።

ሰንዳፋ፦ እንግዲህ ፓርቮም ሰውየውን አውቆ ይለፍህ።

ከእንጦጦ ሥር፦ ለጅብ ከሆነ የሀበሻ ውሻ ይበቃል። ሁለት አድርጋችሁ ማታ ልቀቋቸው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጥያቄው ስለ ጅብ አይደለም። ቦርደር ኮሊ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ለበግ የተራባ ነው። አጎንብሶ፣ ዓይኑን መንጋው ላይ ተክሎ ይነዳል። ሥራ ካጣ ግን መኪናና ልጅ ሲያባርር ይውላል፤ በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ እባክህ አታምጣው። ጀርመን ሸፐርድም መነሻው እረኝነት ነው፣ የዝርያው ማኅበር የተመሠረተው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ለጥበቃ የተራቡ ናቸው፤ ዳሌውም ስለሚታመም ወላጆቹ ሲራመዱ እይ። ሁለቱም ሳይሠለጥኑ በግ አይነዱም። የሁለት ወር ቡችላ ክትባት ጨርሷል የሚልህን አትመን፣ ተከታታዩ እስከ አራት ወር ግድም ይሄዳል። የእብድ ውሻውን በሦስት ወሩ አስከትብ። ለበጎቹ የገዛኸውን የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ ደግሞ ለውሻው እንዳትሰጥ። ከኮሊ ወገን መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የሚገባባቸው አሉ፣ ይገድላቸዋል።

የለገጣፎዋ፦ ዶክተር፣ ፓርቮ የሞተበት ግቢ ሌላ ቡችላ ይገባል?

የእንስሳት ሐኪም፦ ቫይረሱ መሬት ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲሚንቶውን በበረኪና እጠቢ፤ አዲሱ ክትባቱን ሳይጨርስ አይግባ።

ጠያቂ፦ ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ጥጆችም አሉን፣ እነሱንስ ይነዳል?

የሰበታው፦ ሰውዬው ቅዳሜ አዳዲስ ቡችሎች ያስገባል፣ ቶሎ በሉ።