በርሊናሌ (የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል) ላይ ዳይሬክተር ኢንተርቪው ላደርግ ነው፣ 15 ደቂቃ ነው የሰጡኝ፣ ምን ልጠይቅ?

ሚሚ ዘፍራንክፈርት፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ስለ ፊልም በአማርኛ የምፅፍባት ትንሽዬ ፔጅ አለችኝ፣ እስካሁን ሶፋዬ ላይ ጋቢ ለብሼ ያየሁትን ነበር የምፅፈው፣ ዘንድሮ ግን እስቲ ልሞክረው ብዬ ለበርሊናሌ የፕሬስ አክሬዲቴሽን (የጋዜጠኛ መግቢያ ፈቃድ) አመለከትኩና ተቀበሉኝ ሃሃሃ። ፓኖራማ በሚባለው የፌስቲቫሉ ክፍል ውስጥ ፊልም ያለው አንድ የሀበሻ ዳይሬክተር አለ (ስሙን ተዉት)፣ ለፐብሊሲስቷ (የፊልሙን የፕሬስ ጉዳይ ለምትይዘው) ኢሜይል ብልክላት ራውንድቴብል ነው፣ 15 ደቂቃ፣ ከሌሎች አራት ጋዜጠኞች ጋር ብላ መለሰችልኝ። ለአምስት ሰው 15 ደቂቃ! አንድ ጥያቄ ጠይቄ ልወጣ ነው እንዴ? ደግሞ ሪቪውም መፃፍ እፈልጋለሁ፣ ፊልሙ ባይጥመኝስ? ቀን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ስስቅለት ውዬ ማታ ልዘለዝለው? ልምድ ያላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

ጥቁር ሻይ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። መጀመሪያ ነገር ፊልሙን ሳታዪ ኢንተርቪው እንዳትገቢ። ይሄ ደሞ ይነገራል ወይ ትዪኝ ይሆናል ግን እዛ ስትደርሺ ፕሮግራሙ ይጋጭብሻል፣ ኢንተርቪው ጠዋት ይሆንና ፊልሙ ማታ ይሆናል፣ ስለዚህ ፐብሊሲስቷን ከአሁኑ ሊንክ ለምኛት፣ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። ባጅ አለኝ ብለሽም ዝም ብለሽ የምትገቢ እንዳይመስልሽ፣ ባጅ ይዘሽም ቲኬቱን ኦንላይን መያዝ አለብሽ፣ ተኝተሽ ካረፈድሽ አለቀ።

ሲኒማ ውስጥ ስልክ አውጥተሽ ኖት አትፃፊ፣ ብርሃኑ ከኋላሽ ያለውን ሰው ያሳብደዋል። ደብተርና እስክርቢቶ ያዢ። ጨለማ ውስጥ ስትፅፊ መስመሩ መስመር ላይ ይደራረብና ሲበራ የዶክተር ማዘዣ ነው የሚመስለው፣ እኔ ሁለት ሶስት ቃል በፃፍኩ ቁጥር ገፅ እገልጣለሁ፣ ወረቀት ይባክናል ግን ቢያንስ ይነበባል።

ሪከርድ ላይ ደግሞ የኔን ስሚ። የመጀመሪያዬ ጊዜ ሆቴል ካፌ ውስጥ ነበር፣ ስልኬን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጥኩ፣ ሰውየው ማኪያቶ አዟል፣ እያወራ ያማስላል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ቅጭል ቅጭል ቅጭል፣ ንግግሩ ከኋላ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው የሚሰማው። 20 ደቂቃ ሙሉ ማንኪያ ሰማሁ። ከዛ ወዲህ ሁለት መቅጃ ነው የምይዘው፣ አንዱን ወደሱ አስጠግቼ፣ ስልኩንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ፣ ምክንያቱም መሀል ላይ ከተደወለልሽ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል።

ኢምባርጎ የሚባለውንም እንዳትረሺ። የፕሬስ ማሳያው ከፕሪሚየሩ በፊት ከሆነ ሪቪው የሚለቀቅበትን ሰዓት ይነግሩሻል፣ ከዛ በፊት ፌስቡክ ላይ "አሪፍ ነው" ብለሽ እንኳ እንዳትለጥፊ፣ በሚቀጥለው አመት አክሬዲቴሽኑን ላታገኚው ትችያለሽ።

የአንበርብር ጎረቤት፦
ጥቁር ሻይ ጥሩ ብሏል፣ እኔ ጥያቄው ላይ ልጨምር። "ፊልሙን ለመስራት ምን አነሳሳህ" እንዳትዪ አደራ። መልሱ ፕሬስ ኪቱ (ለጋዜጠኞች የሚሰጠው የፊልሙ መግለጫ) ላይ ተፅፏል፣ ካልተፃፈም ከአምስታችሁ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፣ አንቺም ትቀጂዋለሽ። ራውንድቴብል ላይ ሌላው የጠየቀውም መልስ ያንቺ ነው፣ ስለዚህ ያለሽን አንድ ጥያቄ ፊልሙን ያየ ሰው ብቻ ሊጠይቀው በሚችል ነገር ላይ አውዪው።

የኃይሌ ገሪማን ፊልም ጤዛን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ትልቁን የየነንጋ ሽልማት ወስዷል፣ ይሄን ማንም ጎግል አድርጎ ያገኘዋል። እኔ ኃይሌ ገሪማን ባገኘው የምጠይቀው ግን የዋናውን ገፀ ባህሪ የአንበርብርን የጀርመን ህይወት ለምን ለብቻው ተርኮ እንዳልጨረሰው፣ ለምን መንደሩ ከገባ በኋላ እየተቆራረጠ እንዲመጣበት እንዳደረገ ነው። ወይ ያሬድ ዘለቀን፣ ላምብ የሚለው ፊልሙ ላይ (2015 ካን የገባው) ልጁ ወጥ መስራት የሚወድ ወንድ ልጅ ነው፣ አጎቱ ያንን አይወድለትም፣ እና ይሄን ነገር ከስክሪፕቱ ብታወጣው ምን ይቀር ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ። እንደዚህ አይነት ጥያቄ ስትጠይቂ ሰውየው ቀና ይላል፣ ቀኑን ሙሉ አንድ መልስ ሲደጋግም ነው የዋለው እኮ።

ዲሲው፦
እኔ ከላይ ካሉት ጋር ትንሽ አልስማማም። ኢንተርቪውና ሪቪው ሁለቱንም አንድ ላይ ባትሰሪ ይሻላል። ኢንተርቪው ያደረግሽውን ሰው ፊልም ሪቪው አትፃፊ፣ ወይ አንዱን ምረጪ ወይ ሪቪውውን ለሌላ ሰው ስጪ። ሰው ነሽ፣ ቡና አጠጥቶሽ እናትሽ የየት አገር ናቸው ብሎ ጠይቆሽ ከዛ በኋላ ሁለተኛው አጋማሽ ይንዛዛል ብሎ መፃፍ ይከብዳል፣ የሀበሻ ሲሆን ደሞ ይብሳል። እኔ አንዴ ስለ አንድ የኛ ልጅ ፊልም "ድምፁ አይሰማም፣ መጨረሻው ተቻኩሏል" ብዬ ፃፍኩ፣ ሌላ ምንም አላልኩም። በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ሄጄ አንድ እማማ ንፍሮ እያቀበሉኝ "አንተ ነህ አሉ የልጃችንን ስም ያጠፋኸው" አሉኝ። ንፍሮውን ይዤ ቀረሁ።

ድፍረት የሚባለው የኛ ፊልም በ2014 እዛው ፓኖራማ ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዷል፣ ደስ ብሎናል፣ ግን ተመልካች ወደደው ማለት ሪቪው ፀሐፊው ሁሉ ማጨብጨብ አለበት ማለት አይደለም። "የኛ ነው አትንኩት" እያልን ነው ሪቪው የሚባለው ነገር የፖስተር ማስታወቂያ የሆነብን።

ጥቁር ሻይ፦
@ዲሲው ነጥብህ ይገባኛል ግን እሷ ፔጇ ላይ ብቻዋን ናት፣ ለማን ትስጠው? እኔ የማደርገው ሪቪውውን ኢንተርቪው ከመግባቴ በፊት መፃፍ ነው። ፊልሙን ባየሁ ማታ ፅፌ እዘጋዋለሁ፣ ከኢንተርቪው በኋላ የማስተካክለው የተሳሳተ መረጃ ካለ ብቻ ነው፣ ሀሳቤን አልነካውም። ሪቪውው ስር ደግሞ ዳይሬክተሩን እንዳነጋገርኩት አንድ መስመር እፅፋለሁ፣ አንባቢው ይፍረድ።

ሚሚ ዘፍራንክፈርት፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ ማንኪያውን ሳስብ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ሊንኩን ጠይቄያት ዛሬ ላከችልኝ፣ ማታ አየዋለሁ፣ እንዳየሁም እፅፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ በአማርኛ ልጠይቀው እችላለሁ? ሌሎቹ አራቱ ፈረንጆች ናቸው።

የአንበርብር ጎረቤት፦
ጠረጴዛው ላይ አይሆንም፣ የነሱን ደቂቃ ትበዪባቸዋለሽ፣ ፐብሊሲስቷም ትቆጣለች። በእንግሊዝኛ ጠይቂው፣ ሲያልቅ ስትነሱ ግን በአማርኛ ሰላም በይውና ሁለት ደቂቃ ከቤት ውጪ ይኖርህ ይሆን በይው። የካቲት ነው፣ ካፖርትሽን ደርበሽ ውጪ።